አርባ ቀን ጠብቁ

ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ወር ሆኖኛል። ቡራዩ ውስጥ ጎረቤቶቼ እስካሁን ሲስተር ነው የሚሉኝ። ደም ግፊት ልለካላቸው ይመጣሉ፣ የሐኪም ወረቀት እንዳነብላቸው ይመጣሉ። ባለፈው ወር ከእኛ በታች የሚኖር አንድ እንጨት ሠራተኛ፣ በልብ ድካም ተኝቶ የወጣ ታላቅ ወንድሙን ይዞ መጣ። ደረት ውስጥ የሚቀበር፣ ልብ ሲቆም የሚያስነሳ ማሽን እንዳለ ሰምተዋል። ሐኪሙ ግን አርባ ቀን ጠብቁ ብሏቸዋል። እንጨት ሠራተኛው ቁጣውን ውጦ፣ ማሽኑ ካለ ለምን አሁኑኑ አያስገቡለትም፣ እስከዚያ ቢሞትስ፣ አለኝ። ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ የለኝም። የሥራ ዘመኔ ግማሹ ያለቀው እዚያ መልስ ውስጥ ነው። ለእነሱ የነገርኳቸውን አስፍቼ ልጽፈው የተነሳሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ከሰበታ ወዲያ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ ተጂ ነው። ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ተመድቤ ስሄድ ኦሮምኛ አንድ ቃል አላውቅም ነበር፤ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነው። አለቃዬ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ አንጋፋ ጤና ረዳት ነበሩ። በሽተኛ ሳናግር አጠገቤ ቆመው ያስተረጉሙልኝና፣ ሰውየው ሲወጣ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ያስደግሙኝ ነበር። "ደረቴን ወጋኝ" እና "ደረቴን ጨመቀኝ" በኦሮምኛ እንዴት እንደሚለያዩ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያኔ የቋንቋ ትምህርት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስረዳው ግን የልብ ሕክምና የመጀመሪያ ትምህርቴ እሱ ነበር፤ ሰው ልቡ ሲታመም ብዙውን ጊዜ ጨመቀኝ ነው የሚለው።

ከተጂ ወደ ሰበታ ተዛወርኩ። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ፤ ስለ ደመወዙም ስለ ዝውውር ወረቀቱም ብዙ የምለው የለኝም፤ እንደማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከዚያ ባል አግብቼ ቡራዩ ቤት ሠራን፣ እኔም አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል የልብ ክፍል ተቀጠርኩ። በየቀኑ በታክሲ መመላለስ ጀመርኩ።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ታፈሰ ይባላሉ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። አንድ ልማድ ነበራቸው። በሽተኛ ሲገባ ማዳመጫቸውን አያነሱም። መጀመሪያ መድኃኒቱን ከነፌስታሉ ይቀበሉና ክኒኖቹን አልጋው ላይ አንድ በአንድ ይደረድሯቸዋል። ይሄ ለምንድነው? ስንት ሰዓት ነው የምትውጪው? ይኼኛውስ ማን ሰጠሽ? ሌሎቹ ሐኪሞች አምስት ሰው ሲያዩ እሳቸው ገና ሁለተኛው ላይ ናቸው። የልብ ምት ሲቆጥሩም ሩብ ደቂቃ ቆጥረው በአራት አያባዙም፤ አንዲቱን ደቂቃ ሙሉ ጣታቸውን አንጓው ላይ አድርገው ይቆያሉ። የሚዘለው ምት ያለው ባልቆጠርሽው ሩብ ውስጥ ነው ይሉኝ ነበር። ሰው ሲሞትብን ደግሞ በማግስቱ ሁላችንንም ሰብስበው ፋይሉን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ይመድባሉ። ወቀሳ የለም፣ ንባብ ብቻ ነው።

ማሽኑን ያወቅሁት እሳቸው ዘንድ ነው። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ ይላል። ከግራ የአንገት አጥንት በታች ቆዳ ሥር ይቀበርና ቀጭን ሽቦው በደም ሥር ወርዶ ልብ ውስጥ ይገባል። ልብ ሥርዓቱን ስቶ መምታት ትቶ ዝም ብሎ ሲንቀጠቀጥ፣ ማሽኑ ያንን ያውቅና በኤሌክትሪክ ይመታዋል፤ ልብም ወደ ቦታው ይመለሳል። አገራችን ውስጥ በዚያን ጊዜ የነበረው ጥቂት ነው። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ከውጭ የሚመጣ የሐኪሞች ቡድን ይዞት ይመጣል፣ እኛ የሚገባውን ሰው መርጠን እንጠብቃለን። የእኔ ድርሻ ከተቀበረ በኋላ ነበር። መዳፍ የምታህል ማንበቢያ በልብሱ ላይ አስቀምጬ፣ ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው፣ ሽቦው እንዳልላላ፣ ልቡ ባለፉት ወራት ምን እንዳደረገ ከማሽኑ አነባለሁ። ይህን ለመማር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በጣም የምወደው ሥራ ሆነ።

አሁን ወደ አርባው ቀን ልምጣ። ልቡ ደም አጥቶ የተጎዳ ሰው፣ ልቡ በጣም ከደከመ፣ ድንገት የመሞት አደጋ አለበት። ታዲያ ማሽኑን ወዲያው ማስገባት ትክክል ይመስላል። ዶክተር ታፈሰ ግን እንዲህ ያስረዱን ነበር። በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ልብ ቁስለኛ ነው። ማሽኑ የሚያድነው ከአንድ ዓይነት ሞት ብቻ ነው፤ ቁስለኛ ልብ ግን በሌላም መንገድ ይደክማል። በውጭ አገር ቶሎ ያስገቡላቸውንና ያላስገቡላቸውን አስተያይተው ሲያዩ፣ ቶሎ የገባላቸው ከሌሎቹ የበለጠ አልኖሩም። በሌላ በኩል መድኃኒቱን በደንብ የወሰደ ሰው ልቡ አገግሞ ማሽኑ ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ አርባ ቀን ይጠበቃል፣ ከዚያ ልቡ እንደገና ይለካል።

ይህን ለክርስቲያን ቤተሰብ መንገር ቀላል አይደለም። አርባ ቀን ሲባል ሰው የሚያስበው ተዝካር ነው።

ኦቦ ድሪባ ወደ እኛ የመጡት የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በዙሪያችን ባሉ ከተሞች በተጋጋለበት ሰሞን ነው። የሱሉልታ ሰው ናቸው። ላሞች አሏቸው፤ ወተትና ድርቆሽ ይሸጣሉ። የተዘጋው የልባቸው ቧንቧ በትንሽ የሽቦ መረብ ተከፍቶላቸዋል፤ ልባቸው ግን በጣም ደክሟል። ከአጠገባቸው የማትለየው ልጃቸው ለሊሴ አስተማሪ ነች። ዶክተር ታፈሰ የአርባውን ቀን ነገር ሲያስረዱ፣ ኦቦ ድሪባ ፈገግ ብለው፣ ዶክተር፣ እኛ አርባ የምንለው ለሞተ ሰው ነው፣ አሏቸው። ሁላችንም ሳቅን። ለሊሴ ብቻ አልሳቀችም።

የመልቀቂያውን ወረቀት የሠራሁት እኔ ነኝ። ለሊሴ ስለ ማሽኑ ብዙ ጠየቀችኝ። ያቃጥላል ወይ? ላም ማለብ ይከለክላል? ስልክ አጠገቡ ማስቀመጥ ይቻላል? ሁሉንም መለስኩላት። ቀጠሮውን ለአርባ ሁለተኛው ቀን ጻፍኩ። ከመድኃኒት ቤት የተሰጣቸው ክኒን የሠላሳ ቀን ነበር፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ሲያልቅ ይመጡና ይወስዳሉ ብዬ አሰብኩ። ሱሉልታ እኮ ቅርብ ነው፤ ከእንጦጦ ወዲያ ማዶ ነው። ይህን አስቤ ነበር፣ አፍ አውጥቼ ግን አልነገርኳቸውም። ወረቀቱ ላይም አልጻፍኩትም።

መንገዱ ተዘጋ። በሱሉልታም በቡራዩም ድንጋይና ግንድ አስፋልቱ ላይ ተጋደመ፤ ጎማ ይቃጠላል፣ ተኩስ ይሰማል፣ ሰው ይሞታል። እኔ ራሴ ከቡራዩ ሥራ መግባት ያልቻልኩባቸው ቀናት ነበሩ። በዚያ መሀል የኦቦ ድሪባ ክኒን አለቀ። ለሊሴ ሱሉልታ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች በሙሉ ዞረች፤ አስፕሪን አገኘች፣ ቧንቧው እንዳይዘጋ የሚያደርገውን ዋናውን ክኒን ግን አላገኘችም። ወደ ክፍላችን ደወለች። ስልኩ የሚጮኸው ሰው ያልገባበት ቢሮ ውስጥ ነበር። የእኔን ስልክ አልሰጠኋትም ነበር።

ክኒኑ ባለቀ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ኦቦ ድሪባ ለላሞቻቸው ድርቆሽ ሊያወርዱ ወጡ። ደረታቸውን ይዘው እዚያው ወደቁ። ቀጠሯቸው ሊደርስ ሰባት ቀን ቀርቶት ነበር።

እኔ የሰማሁት መንገዱ ተከፍቶ ዘመዳቸው ካርዱን ይዞ ሲመጣ ነው። በማግስቱ ዶክተር ታፈሰ ሰበሰቡን፤ ፋይሉን እንዳነብ የመደቡት እኔን ነው። አነበብኩ። መጨረሻው ገጽ ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት አለ፤ መድኃኒት የሠላሳ ቀን፣ ቀጠሮ ከአርባ ሁለት ቀን በኋላ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ናቸው። ዶክተር ታፈሰ ፋይሉን ከእጄ ተቀበሉና ከፊርማዬ ሥር ያለውን የራሳቸውን ፊርማ በጣታቸው አሳዩን። "ሁለታችንም ፈርመናል" አሉ። ከዚያ፣ ክኒኑ ቢኖር በእርግጥ ይተርፉ ነበር ማለት እንደማይቻል፣ ክኒን እንዳልነበራቸው ግን እንደምናውቅ፣ የምናውቀውን ማስተካከል እንዳለብን ተናገሩ።

ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ማንም አላባረረኝም፤ እንዲያውም ከሆስፒታል ድረስ መጣች ብለው አከበሩኝ። ያ ክብር አላስቀመጠኝም። ለሊሴን ወደ ግቢው ጥግ ወስጄ ነገርኳት።

"ክኒኑ ከቀጠሮው ቀድሞ እንደሚያልቅ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ቆጥሬ አልሰጠኋችሁም፤ አልነገርኩሽምም።"

ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣ "እኔም ማሽኑን ብቻ ነበር የማስበው" አለችኝ። "ቀን ስቆጥር ክኒኑ እጄ ላይ አለቀ።"

በአንቺ እጅ አይደለም አልኳት። ይቅር ብዬሻለሁም አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ልሄድ ስል ብቻ በኦሮምኛ፣ ለሌላው ሰው ቁጠሪለት፣ አለችኝ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቆጠርኩ። አንድ ወፍራም ደብተር ገዛሁ። አርባውን ቀን የሚጠብቁ ሰዎችን ሁሉ ስም፣ ስልክ፣ የሚኖሩበትን ሰፈርና ክኒናቸው የሚያልቅበትን ቀን ጻፍኩ። ለማንኛውም ከከተማ ውጭ ለሚኖር ሰው የሁለት ወር መድኃኒት እንዲሰጥ ዶክተር ታፈሰ ደብዳቤ ጻፉ። የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ደንብ ጠቅሶ መለሰው፤ እንደገና ጻፉ። በሦስተኛው ተፈቀደ። የራሴን ስልክ ቁጥር በእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ባለቤቴ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ኋላ እኔ በሌለሁበት ስልኩን እያነሳ ስም መመዝገብ ጀመረ።

ሌላም ጨመርኩ። ማንም በሽተኛ ከክፍላችን ሲወጣ፣ አብሮት የሚኖር አንድ ሰው ደረት መጫንን ሳይማር አይወጣም። ትራስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ክንድ ሳይታጠፍ፣ በደረት መሀል፣ በጉልበትና በፍጥነት፣ ሳያቋርጡ እንዲጫኑ አሠራቸዋለሁ። ሰው አባቱን እያሰበ ትራስ ሲጫን በስሱ ይነካዋል። እንደገና አሠራዋለሁ። እስኪያልበው።

ተቃውሞው በረድ ይልና እንደገና ይነሳል። መንገድ በተዘጋ ቀን ከቡራዩ በእግሬ ወጥቼ ታክሲ እስከሚገኝበት ድረስ እሄድ ነበር። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከቤት ከወጣሁ ለሥራ እደርሳለሁ። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ለምን ቤትሽ አትቀመጪም ይሉኛል። ደብተሩ ያለው ሥራ ቦታ ነበር።

ወይዘሮ ዘይነባ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ሰበታ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከታላቅ ልጃቸው ከከድር ጋር ነው የሚሠሩት። ዕድሜያችን እኩል ስለሆነ ገና በሁለተኛው ቀን አንቱታውን ተይው አለችኝ፣ እኔም ተውኩት። የአርባውን ቀን ነገር ስነግራት አልደነገጠችም። "ሰባት ልጅ ወልጃለሁ፣ ሰባት ጊዜ አርባ ቀን ተኝቻለሁ። ይሄ ስምንተኛው ነው" አለችኝ። ከድር ትራሱን ሲጫን ትራሱ ተቀደደ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን እንደተለመደው ስደውልላት ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ስትነሳ ራሷን ያዞራታል። ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ስለዚህ ክኒኑን በሙሉ ከትናንት ጀምሮ ትታዋለች። ከድርን ይዟት እንዲመጣ ስለው፣ መንገዱ ዛሬ ጠዋት ተዘግቷል አለኝ። ዶክተር ታፈሰን ጠየቅኋቸው። ግፊቷንና ምቷን ሳይለኩ መድኃኒት በስልክ ቀንሺ ጨምሪ ማለት አይቻልም አሉ። እኔ እሄዳለሁ አልኳቸው። እሳቸውም ቦርሳቸውን አንስተው የራሳቸውን የደም ግፊት መለኪያ ሰጡኝ፤ የክፍላችን መለኪያ አሮጌ ነው፣ ይሳሳታል፣ ብለው።

ታክሲ ከሰበታ በፊት እስካለችው ዓለም ገና ድረስ ወሰደኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም መኪና አይንቀሳቀስም። በእግሬ ገባሁ። ብዙም ሳልሄድ ድንጋይ የደረደሩ ወጣቶች አስቆሙኝ። አንዱ በኦሮምኛ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። በተጂ ኦሮምኛዬ፣ ልቧ የታመመ ሴት ዘንድ እንደምሄድ፣ መድኃኒት እንዳቋረጠች ነገርኩት። ቦርሳዬን ከፍቶ አየ። መለኪያውን አንስቶ፣ እናቱም ግፊት እንዳለባት ነገረኝ። መድኃኒቷን ትወስዳለች ወይ ስለው፣ አንዳንዴ፣ አለኝ። አንዳንዴ አይሆንም፣ በየቀኑ ነው፣ ዛሬ ማታ ጠይቃት፣ አልኩት። ዋናው መንገድ ከፊት ጥሩ አይደለም ብሎ በውስጥ የሚወስደውን አቅጣጫ አሳየኝ። ከበስተጀርባዬ ተኩስ ሲሰማ አንድ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ተመልሼ ልሂድ ብዬ አስቤያለሁ። ተነስቼ ቀጠልኩ።

ዘይነባ ሶፋ ላይ ጋደም ብላ አገኘኋት። ተኝታ ለካሁ፣ አስቀምጬ ለካሁ፣ አቁሜ ለካሁ። ስትቆም ግፊቷ ይወርዳል። ምቷን አንዲቱን ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ። ከዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ክኒን በሙሉ አምጡልኝ አልኩና ሶፋው ላይ ደረደርኩት። እኛ የሰጠናት አለ። ከእሱ ሌላ አንድ የማላውቀው ብልቃጥ አለ፤ ከመታመሟ በፊት ከሰበታ ያዘዙላት የድሮ የግፊት ክኒን ነው። ሁለቱንም አብራ ስትወስድ ነው የከረመችው። አዲሱ ለልብ ነው ስላሏት፣ የድሮው ለግፊት ነው ብላ ቀጠለች። ማንም የድሮውን ተይው አላላትም።

ዶክተር ታፈሰን ደወልኩላቸው። የድሮውን አስቀሩት፤ ከእኛዎቹ አንዱን ማታ ማታ እንድታደርገው፣ ሌሎቹን አሁኑኑ እንድትጀምር አዘዙ። ፊቴ ዋጠቻቸው። በነጋታው መንገዱ እስኪከፈት እዚያው አደርኩ፤ ጠዋት ቆማ ስለካት ግፊቷ ተስተካክሏል።

አርባው ቀን አለፈ። ልቧ እንደገና ሲለካ ትንሽ ተሻሽሏል፣ በቂ ግን አልነበረም። ቡድኑ ሲመጣ ስሟ የመጀመሪያው ነበር፤ ማሽኑ ገባላት። ስምንት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከድር ደወለልኝ። ጨርቅ እየለካች ሳለ ሜትሩ ከእጇ ወድቆ ተዝለፍልፋ ባንኮኒው ላይ ተደፋች፤ እሱ መሬት አስተኝቷት እጁን ደረቷ ላይ ሊያደርግ ሲል ሰውነቷ ዘለለና ዓይኗን ገለጠች። ምን ሆንሽ ሲላት፣ በቅሎ ረገጠችኝ፣ አለችው። ወደ እኛ ሲያመጣት ማንበቢያውን አስቀምጬ የልቧን መስመር በወረቀት አወጣሁት። ምቱ ጠፍቶ መስመሩ የሚንቀጠቀጥበትን፣ ማሽኑ የመታበትን፣ ልቧ የተመለሰበትን በጣቴ አሳየኋት። እዚህ ጋ ሞቼ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ልዋሻት አልፈለግሁም። ማሽኑ ባይኖር እዚያው ትቀሪ ነበር፣ ወይ ከድር ይደርስልሽ ነበር፣ አልኳት። ከድር ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ።

ለእንጨት ሠራተኛውና ለወንድሙ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። አርባው ቀን ዝም ብሎ መጠበቅ እንዳልሆነ፣ ሥራ እንደሆነ። ከዚያ ክኒኑን ቆጠርን፣ የሚያልቅበትን ቀን ጻፍን፤ እንጨት ሠራተኛውን ትራስ ላይ አሠራሁት። እጁ ጠንካራ ነው።

ዘይነባ የማሽኗ ባትሪ አልቆ ባለፈው ወር ተቀየረላት። ጡረታ ብወጣም ነይ ብላኝ አብሬያት ገባሁ። ማሽኑን ያነበበችው እኔ ያስለመድኳት ነርስ ነች፤ ማንበቢያውን ከማንሳቷ በፊት የዘይነባን ክኒን አልጋው ላይ ስትደረድር በሩ አጠገብ ቆሜ አየኋት።

በሁለተኛው ሳምንት እንዴት ሆነች ብዬ ጠዋት ደወልኩላት። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሳ። ከበስተኋላዋ ጨርቅ ሲቀደድ ይሰማኛል፣ ሴቶች ዋጋ ይከራከራሉ። እንዴት ነሽ ገና ከማለቴ፣ "ደንበኛ አለኝ፣ ቆይተሽ ደውይ" ብላ ዘጋችብኝ።